ከጣሪያው የወረደው አንቴና

ኮረብታው ወገብ ላይ የተሠራውን ሰፈር ለረጅም ጊዜ ከከተማው ጋር ያገናኘው ደረጃና ወሬ ብቻ ነበር። መኪና እስከ ግርጌው ይመጣል፤ ከዚያ በላይ ያለው በእግር ነው። ገመድ ሊዘረጉ የመጡ ሠራተኞች ድንጋዩን በመዶሻ ነካ ነካ አድርገው በመጡበት ተመልሰዋል። የሞባይል ኔትወርኩንም ኮረብታው ስለሚጋርደው አንድ ቃል ያደርስና ሁለቱን ይውጣል። በዚያ ሰፈር አንድ ሰው "ስልክ ልደውል" ካለ ጫማውን ማጥለቅ ይጀምራል፤ ለመደወል እስከ ጫፉ መውጣት ነበረበትና።

ይህን ሁሉ የለወጠው የምግብ ትሪ የሚያክል አንድ ነጭ አንቴና ነው። ከሸለቆው ማዶ ካለው ማማ ኢንተርኔቱን በአየር ይቀበልና ከበታቹ ላሉት ቤቶች መልሶ ያከፋፍላል። ቁፋሮ አይፈልግም፣ ገመድ አይፈልግም። የሚፈልገው ማማውንም ቤቶቹንም ፊት ለፊት የሚያይ ጣሪያ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ጣሪያ ደግሞ በሰፈሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ፍሬን ቤት።

ጋሽ ፍሬን ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። "መጀመሪያ ፍሬንህን እወቅ፣ ነዳጁን በኋላ ትረግጣለህ" የሚል ምክር ለአዲስ ሹፌር ሁሉ ሲሰጡ ኖረው ምክሩ ራሱ ስም ሆኖባቸው ቀረ። በዘመናቸው ሁሉ አንድም ሰው ሳይጎዱ መሪ አስረክበዋል። አንቴናውን የሚተክለው ቴክኒሻን ስለ ጣሪያው ሊለምናቸው ሲመጣ ገና ንግግሩን ሳይጨርስ "ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ውጣና ትከል" ብለው መሰላሉን ራሳቸው ያዙለት።

ባለቤታቸውን ሰፈሩ እትዬ ጨዋታ ይላቸዋል። ሳሙና ሊገዙ ወጥተው ከየደጃፉ ሲጨዋወቱ ይቆዩና ሲመለሱ ያጠቡት ልብስ እንደገና ቆሽሾ ይጠብቃቸዋል ተብሎ ይቀለድባቸዋል። ቀልዱን ከሁሉ አሳምረው የሚያወሩት እሳቸው ራሳቸው ናቸው።

የእነዚህ ሰዎች የመጨረሻ ልጅ ልብስ ሰፊ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም። እናቷ ከእሷ ጋር እኩል የምልክት ቋንቋ ተምረው በእጃቸውም እንደ አፋቸው ወሬኛ ሆነዋል። አባቷ ግን ልጅቱ በምታድግበት ዘመን መንገድ ላይ ነበሩ። "ነይ"፣ "ብዪ"፣ "ጎበዝ" ከማለት በቀር በእጃቸው የሚያውቁት አልነበረም። ልጃቸውን ይወዷታል፤ የሚያነጋግሯት ግን በሚስታቸው በኩል ነው።

አንቴናው ከተተከለ በኋላ የልብስ ሰፊዋ ክፍል ሌላ ክፍል ሆነ። ስልክ ለእሷ ድምፅ ነበርና ምንም አልነበረም። አሁን ግን በስክሪኑ ላይ የሰው ፊትና እጅ ሳይቆራረጥ ይመጣል። ደንበኞቿ ጨርቁን ያሳዩአታል፤ እሷም ቅዱን በጠመኔ ሥላ ታሳያቸዋለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መርፌዋን አስቀምጣ፣ በየቦታው ላሉ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። ከኮረብታው ወርዳ አግኝታቸው የማታውቃቸው ልጆች "መምህርት" ይሏት ጀመር።

ኢንተርኔቱ የደረሰው ለእሷ ብቻ አልነበረም። የሰፈሩ ክሊኒክ ነርስ ከበድ ያለ በሽተኛ ሲገጥማት ከተማ ያለውን ሐኪም በቪዲዮ ጠርታ ታማክረዋለች። ተማሪው ትምህርቱን ያወርዳል፤ አናጺው የሠራውን በር ፎቶ አንስቶ ይልካል። ሰው በጎ ነገርን ቶሎ ይለምዳል። ጥቂት ቆይቶ ያንን አንቴና ቀና ብሎ የሚያየው እንኳ ጠፋ።

ቀና ብሎ ያየው የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። የሚሰማውን ሁሉ ግን እንደ ሰማው ለደንበኛው ማቀበል ደግነት ይመስለዋል። አንድ ቀን ጋሽ ፍሬንን እየላጨ ስልኩን ከመስታወቱ ሥር አቁሞ ከሰው የተላከለትን ድምፅ አሰማቸው። ተናጋሪው እንዲህ ያሉ አንቴናዎች አንጎል እንደሚያቃጥሉ፣ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማዞር፣ ከዚያም የከፋ ነገር እንደሚያመጡ በረጋ ድምፅ ይዘረዝራል።

ጋሽ ፍሬን ማነው የሚናገረው ብለው ጠየቁ።

"ስሙን አልተናገረም" አለ ጸጉር አስተካካዩ፤ "አነጋገሩ ግን የተማረ ሰው አነጋገር ነው። ደግሞስ እትዬን ራሳቸውን ያማቸዋል ሲሉኝ አልነበር? እኔ እርስዎን ስለምወድ ነው የምነግርዎ።"

እትዬ ጨዋታ በእርግጥ ራሳቸውን ያማቸው ነበር። ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ያስሩና ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ጋሽ ፍሬን ወንበሩ ላይ እንደ ተቀመጡ ይህ ታወሳቸው። የቤታቸውን ጣሪያ በገዛ እጃቸው ለመርዝ የሰጡ መሰላቸው። ወደ ቤት ሲወጡ ደረጃው ረዘመባቸው።

በማግስቱ ቴክኒሻኑን አስጠሩት። ሰውየው የአንቴናው ኃይል ኪሳቸው ውስጥ ካለው ስልክ የማይበልጥ መሆኑን፣ እሱም ቢሆን የሚያነጣጥረው ወደ ማማውና ወደ ሌሎቹ ቤቶች እንጂ ወደ ታች ወደ መኝታ ክፍላቸው አለመሆኑን አስረዳቸው። መለኪያ አምጥቶ እዚያው ዓይናቸው እያየ ሊለካላቸውም ቃል ገባ። ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር ጨመረ።

"ጋሽ ፍሬን፣ እኔ ሐኪም አይደለሁም። እትዬ ራሳቸውን የሚያማቸው ከሆነ ግን ክሊኒኩ እዚሁ ነው። ይታዩ።"

ጋሽ ፍሬን ይህን ምክር እንደ ማምለጫ ቆጠሩት። "ነጋዴ የራሱን ዕቃ ጎምዛዛ ነው አይልም" ብለው ሸኙት። መለኪያውንም አታምጣ አሉት።

ልጃቸው ነገሩን ስታውቅ ከማሽኗ ተነሥታ መጣች። እትዬ ጨዋታ እንደ ወትሮው በመካከል ቆመው የአንዱን ለሌላው ያደርሱ ጀመር። እጇ ሲፈጥን ድምፃቸው ይፈጥናል፤ ባላቸው ሲቆጡ እጃቸው ይቆጣል። ልጅቱ ሥራዋን ብቻ አልነበረም የምትለው። ያ ስክሪን ከተዘጋ ከዚህ ቤት ውጭ የሚያነጋግረኝ ሰው አይኖርም ነው ያለችው። አባትየው ደግሞ ሥራ ይተካል፣ እናት አትተካም አሉ። ሁለቱም ስለ እናትየው ራስ ምታት አጥብቀው ተከራከሩ። መካከል ላይ ቆመው የሚተረጉሙት እትዬ ጨዋታ የሁለቱንም ቃል በታማኝነት አደረሱ።

ጋሽ ፍሬን መፍቻቸውን ይዘው ጣሪያ ላይ ወጡ። አንቴናውን ፈትተው በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ከውኃው በርሜል ጀርባ አጋደሙት። ሲወርዱ እፎይ አሉ። ሰው ሲፈራ፣ የሆነ ነገር ማድረግ ራሱ መፍትሔ ይመስለዋል።

ሰፈሩ ቅር አለው። ነርሷ በሥራ ልብሷ እንዳለች መጥታ ከሐኪሙ የምትገናኝበት መንገድ መቋረጡን አስረዳች። ጋሽ ፍሬን ሌላ ጣሪያ ፈልጉ አሏት። ሌላ ጣሪያ እንደሌለ እሳቸውም ያውቃሉ። ነርሷ ወጥታ ስትሄድ ደጃፉ ላይ እትዬ ጨዋታን አግኝታ የደም ግፊታቸውን ልትለካቸው ብቅ እንዲሉ ነገረቻቸው። ከውስጥ ጋሽ ፍሬን መለሱ፤ "ምክንያቱን አውቀን አውርደነዋል፤ አታድክሚያት።"

በእርግጥም እትዬ ጨዋታ አንድ ሰሞን ቀለል አላቸው። ራስ ምታት ይሄዳል ይመጣል፤ ይህ ግን ለጸጉር አስተካካዩ በቂ ማስረጃ ነበር። ወንበሩ ላይ ለተቀመጠ ሁሉ "አንቴናው ወረደ፣ እትዬ ዳኑ" እያለ አወራ። ሕመሙ ተመልሶ ሲመጣም ጋሽ ፍሬን መልስ አላጡም። የገባው መርዝ ከሰውነት እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል አሉ። በአንድ ምክንያት ያመነ ሰው ሌላ ምክንያት አይፈልግም። ወገኖቼ፣ የወሬ ትልቁ ጉዳት እዚህ ላይ ነው። የውሸት መልስ ይሰጠንና እውነተኛውን ጥያቄ ያስተወናል።

አንድ ጠዋት እትዬ ጨዋታ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ለጎረቤታቸው ወግ ሲያወጉ ነበር። ወጉ መሐል ላይ ቃላቸው ተኮላተፈ። ጎረቤትየዋ አዲስ ቀልድ የጀመሩ መስሏት ሳቀች። እትዬ ጨዋታ ሊቀጥሉ ሞከሩ፤ አሁንም የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ሴትየዋ ይበልጥ ሳቀች። የያዙት ስኒ ከቀኝ እጃቸው ወርዶ ደረጃው ላይ ተሰበረ።

ነገሩን መጀመሪያ ያወቀችው ልጃቸው ናት። በመስኮት ሆና እናቷን እያየች ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ከንፈር ስታነብ የኖረች ልጅ፣ የእናቷ አፍ በአንድ ወገን መውደቁን ከሩቅ ለየች። ጨርቁን ወርውራ ወጣችና ሳይወድቁ ደገፈቻቸው።

ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ክሊኒክ አደረሷቸው። ነርሷ ግፊታቸውን ስትለካ ፊቷ ተለወጠ። ቀደም ሲል ቢሆን ሐኪሙ ወዲያው በስክሪኑ ላይ ይመጣ ነበር፤ በሽተኛዋን አይቶ ምን እንደሚደረግ ይነግራት፣ ሆስፒታሉንም ያዘጋጅላት ነበር። አሁን ግን በሽተኛዋን ለልጃቸው ትታ ስልኳን ይዛ ወደ ኮረብታው ጫፍ ሮጠች። መስመሩ አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። "ሴት" ይሰማል፣ "ግማሽ ጎን" ይዋጣል። አምቡላንሱ አድራሻውን ተሳስቶ ሌላ መንገድ ገባ። ደረጃውን ወርደው ግርጌው ላይ ሲጠብቁት፣ ጋሽ ፍሬን የሚስታቸውን የማይንቀሳቀስ እጅ ይዘው ላይ ታች እያዩ ነበር። ስንቱን ሰው በሰላም ካሰበበት ያደረሱ ሰው የራሳቸውን ሰው የሚያደርሱበት አጡ።

ሆስፒታሉ ውስጥ ሐኪሙን ያገኙት ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነው። አንቴናው ይሆን ብለው ጠየቁት። ሐኪሙ አልሳቀባቸውም። የባለቤታቸው ደም ግፊት ከፍ ካለ ቆይቷል፣ ለራስ ምታቱም ምክንያቱ እሱ ሳይሆን አይቀርም፤ ግማሽ ጎናቸውን የጣለውን ስትሮክም ያመጣው ይኸው ነው አላቸው። ከዚያ በፊት ተለክተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቃቸው። ጋሽ ፍሬን ነርሷ ልትለካቸው ስትል መከልከላቸውን ነገሩት። የጠዋቱ መዘግየት ምን ያህል ጎድቷቸው ይሆን ሲሉም ጠየቁ።

"እርግጠኛ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም" አለ ሐኪሙ። "በዚህ ሕመም ግን የባከነ ጊዜ መልሶ አይገኝም።"

እትዬ ጨዋታ ተረፉ። ቀኝ እጃቸው ደከመ፤ ምላሳቸውም ከበደ። ሐሳባቸው ሙሉ ነው፤ የሚሉትን ያውቃሉ፤ አፋቸው ግን አልታዘዝ አላቸው። ሰፈሩን በወሬ የሚያደምቁ ሴት ቤታቸው ተመልሰው ዝም አሉ።

ዝምታው ግን ለጋሽ ፍሬን ብቻ ነበር። እናትና ልጅ በእጃቸው ይነጋገሩ ነበር። እትዬ ጨዋታ በግራ እጃቸው ቀስ ብለው ምልክት ይሠራሉ፤ ልጅቱ የጎደለውን ከዓይናቸው ታነብላቸዋለች። አልፎ አልፎም ይሳሳቃሉ። ጋሽ ፍሬን በሩ ላይ ቆመው ያዩአቸዋል። በገዛ ቤታቸው ውስጥ ቋንቋ የማያውቁ እንግዳ ሆኑ። ሚስታቸው ውኃ ይፈልጉ ይሆን መስኮት ይከፈትላቸው ይሆን ለማወቅ እንኳ ልጃቸውን መጠበቅ ነበረባቸው። ልጅቱ ይህን ሁሉ ዓመት በአባቷ ፊት ምን እየተሰማት እንደኖረች ያን ጊዜ ገባቸው።

ከሆስፒታሉ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ተመደበችላቸው። አፍንና ምላስን በየጊዜው የምታሠራ፣ ትዕግሥተኛ ሴት ናት። ይህ ሥልጠና ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት። እትዬ ጨዋታን ግን በየጊዜው በዚያ ደረጃ አውርዶ ማውጣት የማይሞከር ነው። ባለሙያዋ ብዙ ታካሚዎቿን በቪዲዮ እንደምታሠራ ተናገረችና ቤታቸው ጥሩ ኢንተርኔት እንዳለ ጠየቀች። ጋሽ ፍሬን መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ቀና አሉ።

"ይኖራል" አሉ።

ከሆስፒታሉ እንደ ተመለሱ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ልጃቸው ክፍል ነው። ማሽኗ አጠገብ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉላት፤ ጣቶቻቸውን እያሳዩ "አስተምሪኝ" ለማለት ሞከሩ። መሪ ሲጨብጡ የኖሩ ጣቶች አልታጠፍ አሉ። ልጅቱ ዓይኗን ወደ ጨርቋ መለሰች። ኩርፊያዋ ገና አልወጣላትም ነበር። ቢሆንም የአባቷን አውራ ጣት ይዛ ወደ ትክክለኛው ቦታ መለሰችው።

ቀጥለው ጸጉር አስተካካዩ ዘንድ ሄዱ። ሱቁ ሰው ነበረበት። አንቴናውን መልሰው እንደሚተክሉ፣ ቴክኒሻኑም መለኪያውን ይዞ እንደሚመጣ ነገሩት፤ መጥቶ እንዲያይም ጋበዙት። ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አስቀመጠ።

"ጋሽ ፍሬን፣ ሰፈሩ ሁሉ እኮ ሰምቷል። አሁን ብንመልሰው ሰው ምን ይለናል?"

"ካፈርኩ አይመልሰኝ እያልን ስንት ሰው እንጨርስ?" አሉ ጋሽ ፍሬን። "የሚስቅ ይሳቅ። አንተ የነገርከኝ ስለምትወደኝ ነው፤ አውቃለሁ። ያላጣራሁት ግን እኔ ነኝ። ከዛሬ ጀምሮ የሚናገረውን ሰው ስም ሳታውቅ ለሰው አታሰማ፤ ስሙን ብታውቅም የሚያውቅ ሰው ጠይቅ።"

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አንሥቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። በተባለው ሰዓት ግን መጣ። ቴክኒሻኑ አንቴናውን ከተከለ በኋላ መለኪያውን በየክፍሉ አዞረ፤ ከዚያም የጸጉር አስተካካዩን ስልክ ተቀብሎ ለካው። በስልኩ አጠገብ የታየው ቁጥር እትዬ ጨዋታ ከሚተኙበት አልጋ አጠገብ ከታየው በለጠ። ጸጉር አስተካካዩ ስልኩን ተቀብሎ ወደ ኪሱ ሊከት አለና እጁ ላይ ይዞት ቀረ። የተሰበሰበው ሰው ሳቀ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሥራ ጊዜ ነበር። እትዬ ጨዋታ በየጊዜው ስክሪኑ ፊት ተቀምጠው ባለሙያዋ እንደምታዛቸው ከንፈራቸውን ያሾላሉ፣ ምላሳቸውን ያወጣሉ፣ አንድ ፊደል ደጋግመው ይላሉ። በንዴት የሚያለቅሱበት ቀን አለ። ጋሽ ፍሬን አጠገባቸው ተቀምጠው ያንኑ ፊደል አብረዋቸው ይላሉ። ልጃቸው ተማሪዎቿ ዘንድ ተመለሰች፤ ከአዲሶቹ ተማሪዎቿ ሁሉ ሰነፉ አባቷ መሆናቸውን በእጇ ለእናቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ፍሬን ይህን ያለ አስተርጓሚ ተረዱት። ግፊት መለኪያውም ከነርሷ ጋር ወደየቤቱ መዞር ጀመረ፤ ሻሹን አጥብቆ አስሮ ችሎ የሚኖረው ሰው ብዙ ሆኖ ተገኘ።

ከኮረብታው ጀርባ ሌላ ሰፈር አለ። ማማውን ጨርሶ አያየውም። የጋሽ ፍሬንን ጣሪያ ግን ያያል። እዚያ ላይ ሁለተኛ አንቴና ቢጨመር ኢንተርኔቱ ተሻግሮ እነሱም ዘንድ ይደርሳል። ቴክኒሻኑ ይህንን ሲያቀርብ የዚያ ሰፈር ሰዎች ተሰብስበው መጡ። ግማሹ ፈልጎ፣ ግማሹ ፈርቶ ነበር። ግቢው ሞላ። አንዲት እናት ተነሥተው በቀጥታ ጋሽ ፍሬንን ጠየቁ።

"ይህ ነገር ከተተከለ በኋላ ራሴን ቢያመኝስ?"

"ክሊኒክ ይሂዱ" አሉ ጋሽ ፍሬን። "ይመርመሩ። አንቴና በማንኛውም ቀን ይወርዳል፤ ደም ግፊት ግን ቀን አይሰጥም።"

ይህን ጊዜ እትዬ ጨዋታ ከተቀመጡበት ግራ እጃቸውን አነሡ። ንግግራቸው እየተመለሰ ቢሆንም በብዙ ሰው ፊት ለመናገር ገና ነበር። በእጃቸው መናገር ጀመሩ። ልጅቱ እናቷን ትታ ወደ አባቷ ተመለከተች፤ ሕዝቡም እንደዚያው። ጋሽ ፍሬን የሚስታቸውን እጅ እየተከተሉ፣ አንዳንዱን እያስደገሙ ለሰዉ አደረሱ።

"እንዲህ ትላለች። ራሴን ማመም የጀመረኝ አንቴናው ከመተከሉ በፊት ነበር።"

እጁ ቀጠለ። ጋሽ ፍሬን አዩት፤ ገባቸውም። ድምፃቸው ወረደ፤ ግን አላቋረጡም።

"ስለ እኔ ራስ ባሌና ልጄ ተከራከሩ፤ ጸጉር አስተካካዩም ፈረደ። መቼ እንደጀመረኝ ግን ማንም አልጠየቀኝም ትላለች።"

ጋሽ ፍሬን ወደ ሚስታቸው ዞረው በሁለቱም እጃቸው አንድ ነገር አሏቸው። እሱን ለሕዝቡ አልተረጎሙትም።

ገመድ የማይደርስበት ኮረብታ በዓለም ላይ ብዙ ነው። ነገ ለእንዲህ ያሉ ቦታዎች ትምህርቱም ሕክምናውም ሥራውም በአየር ይመጣል፤ ከአንዱ ጣሪያ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ያሻግሩታል። ስለዚህ ጣሪያችሁን ስትጠየቁ ጠይቁ፤ መለኪያ ይምጣ በሉ፤ የሚያውቁ ሰዎችን በጥያቄ አድክሟቸው። ጥያቄ ማንንም ጎድቶ አያውቅም። የታመመ ሰው ሲኖርባችሁ ደግሞ ከሁሉ አስቀድማችሁ ራሱን በሽተኛውን ጠይቁት።

ከኮረብታው ጀርባ የመጡት እናት ስለ አንቴናው ሌላ ጥያቄ አላነሡም። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ግፊት የምትለካው ነርስ የት እንዳለች ጠየቁና ወደ እሷ ሄዱ። ቴክኒሻኑም መሰላሉን አቆመ።